ሰኮና ያልገባበት ሣር

የእጅ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የመጣብን ጣጣ ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ የሚያስጽፉት እኔን ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወደ አባቴ ከብቶች ተመለስኩ። አባቴ ሲሞት ሦስቱ ላሞችና ሁለቱ በሬዎች የእኔ ሆኑ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደራችን ብቻዋን ከብት የምታረባ ሴት ከሁለትና ከሦስት አትበልጥም ነበር፤ ማንበብና መጻፍ የምትችል ደግሞ እኔ ብቻ። ስለዚህ የከብት አርቢዎች ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊ ማን ይሁን ተብሎ ብዙም ክርክር አልተነሣም።

ማኅበር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቢሮ የለውም፣ ወንበርም የለውም። ስብሰባው ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው ሾላ ሥር ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድንጋይ እየፈለገ ይቀመጣል። አንዱ ዐሥራ አራት ከብት አለው፣ አንዱ አንድ ላም። ማንም የማንም ቅጥር አይደለም፤ ሁሉም የራሱን ያረባል፣ የራሱን ይሸጣል። የሚያገናኘን ሣሩ ነበር።

ሣሩ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ እስከ ኮረብታው ግርጌ ይደርሳል። የወል መሬት ነው፤ የአባቶቻችንም ከብት የጋጠው እዚያው ነው። አጥር አልነበረውም። ሐምሌ ሲገባ በቃል ብቻ ይዘጋል። ክረምቱን ሥር ይዞ፣ አፍርቶ፣ ዘሩን መሬት ላይ እስኪያራግፍ ማንም አይነካውም። ከዚያ ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ተመርጦ ይከፈታል። እስከዚያ ድረስ ከብቱ ደጅ ላይ ታስሮ፣ ከማሳ አረም እየታጨደለት፣ በገመድ ተይዞ መንገድ ዳር እየቃረመ ይከርማል። ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ያ ጊዜ ነው። የለመለመ ሣር ዓይናችን ሥር እያለ ላሞቻችን የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፤ ነፋስ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ ሽታው ይደርሳቸውና ገመዳቸውን እየጎተቱ ያገሳሉ። ያም ሆኖ የሚፈታ የለም።

ከብቱ የገባበት ሰው ቅጣቱ ገንዘብ አልነበረም። በመክፈቻው ቀን የሌላው ከብት ሲገባ የእሱ ከውጭ ይቆማል፤ ሦስት ቀን። አገር ሁሉ እያየው ከብቶቹን ይዞ ዳር ይቆማል። ያንን ዓይነት ውርደት የቀመሰ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

መክፈቻው ቀን ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! መጀመሪያ የሚገባው ብዙ ከብት ያለው አይደለም፤ አንድ ያለው ነው። ባለ አንድ ላም ቀድሞ ይገባና ለብቻው ያስግጣል፣ ቀጥሎ ባለ ሁለት፣ ቀጥሎ ባለ ሦስት። መጨረሻ ላይ ባለ ዐሥራ አራቱ ሐጂ ይገባሉ። ሐጂ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምርኩዛቸውን ከመሬት ይልቅ አየር ላይ የሚያውሉት ሽማግሌ። "የኛ ሥራ መጠበቅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" እያሉ እስከ አሥር ሰዓት ይቆማሉ። ይህን ሥርዓት ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሁልጊዜ ቀድማ የምትገባው ጎረቤቴ ነበረች። ከእኔ በዕድሜ ስለምትበልጥ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ልጆቿ ዓረብ አገር ናቸው፤ አንደኛዋ ትደውላለች፣ የሌላኛዋ ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። እትዬ ያላት አንዲት ላም ናት፤ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃ። ቅቤዋን በባጃጅ ሐይቅ ከተማ ገበያ ታወርዳለች፤ የምትተዳደረው በዚያው ነው። በመክፈቻው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ስትቆም አሾፍባታለሁ።

"አንቺማ ባለሥልጣን ነሽ፤ ሐጂ እንኳ ከኋላሽ ነው የሚሰለፉት።"

"ወላሂ፣ ድህነት ሹመት የሚሆነው እዚህ ሣር ላይ ብቻ ነው!" ትለኛለች። ከዚያ ላሟን "ሂጂ እናቴ፣ ብዪ" ብላ ገመዱን ትለቅላታለች።

የሣሩ ደንብ ድሮ የሽማግሌዎች አፍ ላይ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ወይም ከብቱ ሊሞት ሲል ሽማግሌዎቹ ተማክረው ቀድመው ይከፍቱታል፤ ማንም ለምን አይልም። በኋላ ግን ሰነድ የሌለው የወል መሬት ይወሰዳል የሚል ወሬ መጣ። ብንጠይቅ፣ የተጻፈ ደንብ የሌለውን ማኅበር የሚያውቀው የለም ተባልን። ደንቡን ጻፊ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። በማስመሪያ እያሰመርኩ፣ ርዕሱን በቀይ፣ አንቀጹን በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። አንቀጽ አራት ላይ "ሣሩ እስኪከፈት ድረስ ምንም ዓይነት ሰኮና አይገባበትም" አልኩ። "ምንም ዓይነት" የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። አነጋገሩ የመንግሥት መሰለኝና ወደድኩት።

ሳነብላቸው ሐጂ ምርኩዛቸውን አነሡ። "ልጄ፣ ይቺ 'ምንም ዓይነት' የምትለው ትንሽ አልጠነከረችም? ክፉ ቀን ቢመጣስ?"

"ሐጂ፣ ደንብ እንዲህ ነው የሚጻፈው" አልኳቸው። ሐጂ ከቁርአን በቀር ሲያነቡ አይቼ አላውቅም። "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሌላውም እሳቸውን ተከተለ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ስም አገኘ። ሣሩ ለዘመናዊ የከብት ማደለቢያ ሊሰጥ ነው ተባለ። ከብት ካላቸው ሰዎች ላይ መሬት ወስዶ ለከብት መስጠት! ለወረዳው መሬት ቢሮ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለተኛ ጻፍኩ። ከዚያ ሐጂና እኔ ደጅ መጥናት ጀመርን። ጠዋት በባጃጅ ከተማ እንወርዳለን፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት እንመለሳለን፤ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ሐጂ ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ፣ ለእኔም ለዘበኛውም እያካፈሉ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ዘበኛው በመጨረሻ እንደ ዘመድ ነበር የሚያየን። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ፣ ባለሙያዎች ቦታውን በዓይናቸው አይተው ይወሰናል ተባልን። የሚመጡት መስከረም ውስጥ በአንድ ረቡዕ ነበር፤ ሣሩ ገና ሳይከፈት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ማን ያነጋግራቸው፣ ምን ይባል እየተባለ ሲመከር እትዬ ብድግ አለች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

"እኔ የምለው" አለች፣ "ነገ ከብቱን ሁሉ እንልቀቅበት። ሲመጡ ከብቱ ሲግጥ ይዩት። ሰው ያየውን አይደል የሚጽፈው?"

ከዚያ ጥቂቶች "እውነቷን ነው" ማለት ጀመሩ። ሌሎቹ "ኧረ በአላህ፣ ገና ዘሩ ሳይረግፍ!" አሉ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ጽሑፉ ምን ይላል?"

ያችን ሰዓት ስንት ጊዜ እንደመለስኳት እኔ ነኝ የማውቀው። "ደንቡ የእኛ ነው፤ ዛሬ እንክፈተው" ብል ይበቃ ነበር። አባቶቻችን ቢሆኑ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። እኔ ግን ደብተሬን ገልጬ ቆምኩና አንቀጽ አራትን ጮክ ብዬ አነበብኩ። በዚያም አላበቃሁም። "በፊታቸው የገዛ ደንባችንን ከጣስን፣ እነዚህ ሥርዓት የላቸውም ብለው ይጽፉብናል። ሣሩን ሳይነካ ይዩት። ያኔ ነው የሚያከብሩን" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። አጨበጨቡልኝ።

እትዬ አልተቀመጠችም። "የኔ ዓለም፣ ከብት የሌለበት ሣር የማን እንደሆነ በምን ያውቁታል?"

"በዚህ" አልኳትና ደብተሩን በእጄ መታ መታ አደረግኩት።

"እሺ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ" ብላ ተቀመጠች። ነገር አልነበረባትም፤ የምሯን ነበር።

በማግሥቱ ሦስት ሆነው በፒክአፕ መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ጠዋት ነበር። ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሶ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ዳር ዳሩን አደይ ወጥቶበት፣ ከወዲያ ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ከሩቅ የአምባሰል ተራሮች ጉም ለብሰው። እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ኮራሁ። ከከብቶቻችን አፍ ከልክለን ያሳደግነውን አዩልን ብዬ ኮራሁ።

ቦት ጫማ ያደረገው ሰውዬ በስልኩ ፎቶ እያነሣ ዞረ። ከዚያ ሐጂን ጠየቃቸው።

"ከብቶቹ የታሉ?"

"ታስረዋል።"

"ለምን?"

"ተዘግቷላ!"

"ማን ነው የዘጋው?"

"እኛው ነና።"

"ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው?"

ሐጂ አሰብ አደረጉ። "ሰኔ ውስጥ።" እውነት ተናጋሪ ሰው ናቸው። ሰውዬው ጻፈ። እኔ ወደ ፊት ራመድ አልኩና ደብተሩን ዘረጋሁለት። ገጽ በገጽ እያገላበጠ አነበበ። "የእጅ ጽሕፈትሽ በጣም ቆንጆ ነው" አለኝ፤ እያንዳንዱንም ገጽ ፎቶ አነሣው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እኛ እዚያ ቆመን ስናወራ ከየቤቱ የታሰሩት ላሞች ያገሱ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ይጮኻል። ከእኛ ውስጥ "ይኸው፣ ይሰማል? የዚህ ሣር ባለቤቶች እነዚህ ናቸው" ለማለት ያሰበ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔም አላሰብኩም።

ደብዳቤው የመጣው መስከረም ሳያልቅ ነው። ሾላው ሥር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ያው ጸሐፊዋ እኔ ነኝና፣ አንብቢ ተባልኩ። በመስክ ምልከታው ወቅት በቦታው ላይ አንድም እንስሳ አልተገኘም ይላል። ማኅበሩ በገዛ ደንቡ አንቀጽ አራት ቦታው ላይ ምንም ዓይነት ሰኮና እንደማይገባበት አረጋግጧል ይላል። ስለዚህ ቦታው አገልግሎት ላይ ያልዋለ ክፍት መሬት ሆኖ ተገኝቷል። ከኋላው ሁለት ፎቶ ተያይዟል። አንዱ ሣሩ ነው፤ አረንጓዴ፣ ሰውም ከብትም የሌለበት። ሌላው የእኔ ደብተር ነው። "ምንም ዓይነት" የምትለዋ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት፤ ቀሪውን ያነበበው ከኋላዬ የቆመ ሌላ ሰው ነው። ቀና ብዬ ሳይ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

አልተኛንም። አንቀጽ አምስት በጥቅምት ይከፈታል እንደሚል ጠቅሼ ይግባኝ ጻፍኩ። ውሳኔ ተሰጥቷል አሉን፤ ከፈለጋችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ወደ ላይ ሄድን። በሚኒባስ ደሴ ተመላለስን፤ የሐጂ እግር አብጦ ጫማቸው አልገባ ስላለ በሸራ ጫማ ሲሄዱ ሰው ሁሉ ያያቸው ነበር። ደብዳቤያችሁን መዝግበናል ይሉናል፤ ከዚያ ውሃ በላው። እኛ ስንመላለስ የብረት ቋሚ ተተከለ፣ ሽቦ ተወጠረ። ከሌላ ቦታ ሰዎች ማሽን ይዘው መጡና ሣሩን በሁለት ቀን አጭደው ጨረሱት። ድርቆሹን አስረው በመኪና ሲጭኑ መንገድ ዳር ቆመን አየን። ክረምቱን ሙሉ ከላሞቻችን አፍ የከለከልነው ያንኑ ሣር ነው። ዘበኛ ስንሆንለት ከርመን ሌላ ሰው ጫነው።

ድሮ መክፈቻ የሚሆንበት ቀን ሲደርስ ጠዋት ከቤቴ ብወጣ ሰው ከብቱን ይዞ እየወረደ ነው። ማንም ኑ አላለም። እኔም ከብቶቼን ፈትቼ ተከተልኩ። ሽቦው ጋ ስንደርስ እንደ ወትሯችን ቆምን፤ እትዬ ከፊት፣ ሐጂ ከኋላ። ቦቃዋ የለመደችውን መንገድ ይዛ ሄደች፤ ደረቷ ሽቦው ላይ ሲደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ እትዬን አየቻት። እትዬ "ሂጂ እናቴ" አላለችም። ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለች። ሐጂ ዱአ አደረጉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አልን። ፀሐይ እስክትከር እዚያው ከቆምን በኋላ ከብታችንን ይዘን ተመለስን።

ማንም አልወቀሰኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ሐጂን "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብላቸው፣ "አብሽሪ ልጄ፤ እኛም እሺ ብለናል" አሉኝ። እሺ ያሉት ግን እኔ ስላነበብኩ ነው። እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ስንጠራ የሚመጣው ሰው እያነሰ ሄደ። ድርቆሽ የሚገዛው ገዛ፤ ፉርሽካ የሚቀልበው ቀለበ፤ የቀረው ከብቱን ወደ ገበያ ነዳ። ሐጂ ሁለት ላም ብቻ አስቀሩ። እኔም በሬዎቹን ሸጥኩ። ሾላው ሥር አሁን የሚቀመጡት ባጃጅ የሚጠብቁ መንገደኞች ናቸው።

ጥር ላይ እትዬ ወደ ቤቴ መጣች። ሁለት ነጭ ወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። በእኛ ገበያ ከብት ሲሸጥ ገዢው የተሰረቀ ነው ተብሎ መንገድ ላይ እንዳይያዝበት ወረቀት ይጻፍለታል፤ መልኩ፣ ምልክቱ፣ የማን እንደነበረ። ጠባዩም ይጠቀሳል፤ አትወጋም፣ አትራገጥም፣ የሰው ማሳ አትገባም ይባላል።

"ጻፊልኝ" አለችኝ። "ያንቺን ጽሕፈት ያየ ሰው ያምነዋል።"

ምን ልበላት? ሌላ ሰው አስጽፊ ማለት አልቻልኩም። ደብተር ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። ቀይ ቦቃ፣ ቀንዷ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ ሦስት የወለደች። እያንዳንዷን ስጽፍ እትዬ ደጅ ላይ የታሰረችውን ላም ዞር ብላ እያየች ልክ መሆኑን ታረጋግጣለች። አትወጋም አልኩ። አትራገጥም አልኩ።

"ሌላስ ምን ልጨምር እትዬ?"

ትንሽ አሰበች።

"ከተዘጋ ሣር ገብታ አታውቅም በይበት። አንድም ቀን። እየራባት እንኳ።"

ፊቷን አየሁት። ሽሙጥ ፈልጌበት አጣሁ። የምታስበው ላሚቱ ደግ ሰው እጅ እንድትወድቅ ብቻ ነበር።

ጻፍኩት። ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው ቆንጆ ነበር።